ኮምፓይለሩ ሥራውን ለስምንቱ ኮር ለምን አያከፋፍልም? ከፍራንሲስ አለን የ45 ዓመት ሥራ በመነሣት የተሰጠ ምላሽ

ጠያቂያችን የኮምፒውተር ሳይንስ የአራተኛ ዓመት ተማሪ መሆናቸውን ገልጸው የላኩት ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «ፍራንሲስ አለን የተባሉት ሳይንቲስት የኮምፒውተር ሳይንስ ከፍተኛ ሽልማት የሆነውን የቱሪንግ ሽልማትን ያገኙ የመጀመሪያዋ ሴት እንደሆኑ ክፍል ውስጥ ሰምቻለሁ፤ በኮምፓይለር ላይ ምን እንደሠሩ ግን በዝርዝር የነገረን የለም። ሥራቸው ዛሬ እኔ ፕሮግራም ስጽፍ ይነካኛል ወይ? የሚነካኝ ከሆነስ፣ ላፕቶፔ ስምንት ኮር እያለው፣ ኮምፓይለሩ የጻፍኩትን ፕሮግራም ራሱ ከፋፍሎ በስምንቱም ላይ የማያስኬድልኝ ለምንድን ነው?»

ጥያቄዎቹ ሁለት ይምሰሉ እንጂ መሠረታቸው አንድ ነው። ሁለተኛው ጥያቄ አለን ራሳቸው ከ1980ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ቡድን አቋቁመው ሲመረምሩት የኖሩት ጥያቄ ነው፤ መልሱም የሚገኘው የመጀመሪያው ጥያቄ በሚነካቸው የቀድሞ ሥራዎቻቸው ውስጥ ነው። ስለዚህ ከመነሻው ልጀምር። ኮምፓይለር ማለት ሰው የጻፈውን ፕሮግራም ማሽኑ ወደሚያስኬዳቸው ትእዛዞች የሚተረጉም ፕሮግራም ነው፤ ኮር ደግሞ በፕሮሰሰር ውስጥ ትእዛዞችን ለብቻው የሚያስኬድ ክፍል ነው። ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አለን በ1932 በኒውዮርክ ግዛት ሰሜናዊ ክፍል፣ ፔሩ በምትባል የገጠር ከተማ፣ ከገበሬ አባትና ከመምህርት እናት ተወለዱ፤ ከስድስት ልጆችም የበኩሯ ነበሩ። ሐሳባቸው የሒሳብ መምህርት ለመሆን ስለነበር በ1954 ከአልባኒ የመምህራን ኮሌጅ ተመርቀው በትውልድ ከተማቸው ሁለት ዓመት አስተማሩ። ከዚያ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ በሒሳብ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ይዘው በ1957 ሲወጡ የትምህርት ብድር ተከምሮባቸው ስለነበር፣ ዕዳቸውን እስኪከፍሉ ድረስ ብቻ ብለው አይቢኤም ኩባንያ ተቀጠሩ። ጡረታ የወጡት ግን በ2002፣ ከ45 ዓመት በኋላ ነው።

የመጀመሪያ ሥራቸው ማስተማር ነበር። ጆን ባከስ የመሩት ቡድን ለሦስት ዓመት ያህል የደከመበት ፎርትራን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ በ1957 የጸደይ ወራት ወጥቶ ነበርና፣ አለን ይህንኑ ቋንቋ ለኩባንያው ተመራማሪዎች እንዲያስተምሩ ታዘዙ። ተማሪዎቻቸው ደግሞ ቀላል ሰዎች አልነበሩም። እስከዚያ ድረስ ፕሮግራማቸውን የማሽኑን ትእዛዝ አንድ በአንድ እየቆጠሩ በእጃቸው የጻፉ፣ ይህንንም ሙያ በኩራት የያዙ ሰዎች ናቸው፤ ማሽን ራሱ የሚያመነጨው ትእዛዝ ከእነርሱ የእጅ ሥራ ጋር ሊስተካከል ይችላል ብለው አያምኑም ነበር። ባከስ ይህን ጥርጣሬ ከመጀመሪያው ስለተረዱት፣ ፎርትራን ለመጻፍ ምንም ያህል ቢመች፣ የሚያወጣው ፕሮግራም በእጅ ከተጻፈው በእጅጉ ቀርፋፋ ከሆነ ማንም እንደማይጠቀምበት ያውቁ ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው የፎርትራን ኮምፓይለር ከተርጓሚነቱ ይልቅ የሚያስደንቀው አሻሻይነቱ ነው፤ ሉፖችን (ተደጋጋሚ ዑደቶችን) እየመረመረ በውስጣቸው የሚባክነውን ሥራ ይቀንስ ነበር።

አለን ለማስተማር ሲሉ የኮምፓይለሩን የውስጥ ኮድ ቁጭ ብለው አነበቡት። በእኔ እምነት የሙያ ሕይወታቸውን አቅጣጫ የወሰነው ይህ ንባብ ነው። ከዚያ በኋላ የሠሩት ሁሉ በአንድ ሐሳብ ዙሪያ የሚዞር ሆኖ አገኘዋለሁ፤ ይኸውም ሰው የሚያስበውን በሚገባው መንገድ ግልጽ አድርጎ ይጻፍ፣ ፍጥነት የማግኘቱን ሸክም ኮምፓይለሩ ይሸከም የሚል ነው።

ሐሳቡ ቀጥሎ የተፈተነው ስትሬች በተባለው ኮምፒውተር ላይ ነው። ኩባንያው ይህን ማሽን የነደፈው 704 ከተባለው የራሱ የቀድሞ ሞዴል 100 እጥፍ እንዲፈጥን ነበር። ከዚያው ጋር ሃርቨስት የሚባል ተጨማሪ ማሽን ለአሜሪካ ብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲ ተሠርቶ በ1962 ተረክቧል፤ ሥራውም በምስጢር የተጻፈን መልእክት መፍታት ነበር። አለን የተሳተፉበት ቡድን ኃላፊነት ለሦስት የተለያዩ ቋንቋዎች፣ ማለትም ለፎርትራን፣ ለማሽኑ ለሚቀርበው አውቶኮደርና ለምስጢር ፈቺዎቹ ለተዘጋጀው አልፋ፣ አንድ ኮምፓይለር መሥራት ነበር። ሦስቱም ቋንቋዎች መጀመሪያ ወደ አንድ የጋራ መካከለኛ ቅርጽ ይተረጎማሉ፤ የማሻሻሉ ሥራ የሚከናወነው በዚህ ቅርጽ ላይ ነው። ዛሬ ጠያቂያችን በሲ፣ በሲ ፕላስ ፕላስ ወይም በረስት ቢጽፉ፣ ኤልኤልቪኤም የተባለው ሥርዓት ሁሉንም ወደ አንድ መካከለኛ ቋንቋ ለውጦ የሚያሻሽላቸው በዚሁ አሠራር ነው። ስትሬች ራሱ የታለመለትን ፍጥነት ሳያሟላ ቀርቶ ኩባንያው ዋጋውን ከ13.5 ሚሊዮን ወደ 7.78 ሚሊዮን ዶላር ለመቀነስ ተገዷል፤ በገበያ ዓይን የከሸፈ ማሽን ነበር። በውስጡ የተወለዱት ሐሳቦች ግን አልከሸፉም።

ወደ ዋናው ነገር የምንደርሰው በ1960ዎቹ ነው። አለን ከሥራ ባልደረባቸው ከጆን ኮክ ጋር ሆነው ኤሲኤስ በሚባል የፈጣን ኮምፒውተር ፕሮጀክት ውስጥ ሠሩ። ማሽኑ በአንድ ቅጽበት ከአንድ በላይ ትእዛዝ እንዲያስኬድ የታቀደ ስለነበር፣ የትኛው ትእዛዝ ከየትኛው ጋር አብሮ ሊሄድ እንደሚችል አስቀድሞ የሚያውቅ ኮምፓይለር ያስፈልገው ነበር። ፕሮጀክቱ በዚያው አሥር ዓመት መጨረሻ ተሰረዘ። አለን ከዚያ ይዘውት የወጡት ግን ኮምፓይለርን ከዕደ ጥበብ ወደ ሳይንስ ያሸጋገረው ነው።

ጉዳዩን በምሳሌ ላስረዳ። በፕሮግራምዎ ውስጥ ሺህ ጊዜ የሚደጋገም ሉፕ አለ እንበል፤ በውስጡም «መ እኩል ይሆናል ሀ ሲባዛ በ ለ» የሚል መስመር ይገኛል። ሀ እና ለ በሉፑ ውስጥ የማይለወጡ ከሆነ ያንኑ ብዜት ሺህ ጊዜ መሥራት ከንቱ ድካም ነው፤ አንድ ጊዜ ከሉፑ በፊት ሠርቶ ውጤቱን መያዝ ይበቃል። ሰው ይህን ዐይቶ ወዲያው ያውቀዋል። ኮምፓይለሩ ግን መጀመሪያ ሉፕ የሚባለው ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያበቃ ማወቅ አለበት፤ በዘመኑ ፕሮግራም ወዲያና ወዲህ በሚዘልሉ ትእዛዞች የተሞላ ስለነበር ይህ ራሱ ከባድ ነው። ቀጥሎ ሀ ወይም ለ በየትኛውም መንገድ በሉፑ ውስጥ እንደማይለወጡ ማረጋገጥ አለበት። በመጨረሻም መስመሩ ወደ ውጭ ቢወጣ የፕሮግራሙ ትርጉም እንደማይዛባ ማወቅ ይኖርበታል። ከሦስቱ በአንዱ ከተሳሳተ የተጠቃሚውን ፕሮግራም ሳይናገር አበላሸ ማለት ነው።

የአለን መልስ ፕሮግራሙን እንደ ጽሑፍ ማየትን ትቶ እንደ ግራፍ ማየት ነበር። ከመጀመሪያው ትእዛዝ ከገቡ እስከ መጨረሻው ሳይታጠፉ የሚሄዱ ትእዛዞች በአንድ ብሎክ ይጠቃለላሉ፤ ከብሎክ ወደ ብሎክ የሚያስኬደው መንገድ በቀስት ይገለጻል። ወደ አንድ ብሎክ ለመድረስ የግድ በሌላ ብሎክ ማለፍ የሚያስፈልግ ከሆነ፣ ይህ የግድ የሚታለፍበት ብሎክ ያንን የሚደረስበትን ብሎክ «ይገዛል» ይባላል። በዚህ ቋንቋ ሉፕ ማለት ምን ማለት እንደሆነ በሒሳብ ትክክለኛነት መናገር ይቻላል፤ ግራፉንም ኢንተርቫል ወደሚባሉ ክልሎች እየከፋፈሉ ከታች ወደ ላይ መመርመር ይቻላል። አለን ይህን በ1970 ስለ መቆጣጠሪያ ፍሰት ትንተና ባሳተሙት ጽሑፍ አስቀመጡት። በ1976 ከኮክ ጋር ያሳተሙት ሌላ ጽሑፍ ደግሞ ሁለተኛውን ችግር፣ ማለትም አንድ ተለዋዋጭ የት እሴት እንደተሰጠውና ያ እሴት እስከየት ድረስ እንደሚደርስ በመላው ግራፍ ላይ የመከታተልን ዘዴ ደረጃ በደረጃ አሳየ። በመካከሉ ሁለቱ የማሻሻያ ዘዴዎችን ስም ሰጥተው የዘረዘሩበትን ካታሎግ አዘጋጁ፤ በአሁኑ የኮምፓይለር መማሪያ መጻሕፍት የሚገኙት የሉፕ መዘርጋት፣ የተደጋገመ ስሌትን ማስወገድ፣ የማይደረስበትን ወይም ውጤቱ የማይፈለግ ኮድን መጣልና የፈንክሽንን አካል በጥሪው ቦታ መተካት በዚያ ካታሎግ ይገኛሉ።

ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው። ማሻሻያ እንዲሠራ አዝዘው ፕሮግራምዎን ኮምፓይል ባደረጉ ቁጥር ኮምፓይለሩ የፍሰት ግራፍ ይሠራል፣ የእሴቶችን ጉዞ ይከታተላል፣ ከዚያ በኋላ ነው ኮድዎን የሚነካው። ዝርዝር ስልቶቹ ከ1970ዎቹ ወዲህ ብዙ ቢለወጡም መሠረቱ ያ ነው።

አሁን ወደ ስምንቱ ኮር እንምጣ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ አለን በዮርክታውን ሃይትስ በሚገኘው የኩባንያው የምርምር ማዕከል ፒትራን የሚባል ቡድን አቋቋሙ። ዓላማው ለአንድ ፕሮሰሰር እንደሚጻፍ ሆኖ በተራ ፎርትራን የተጻፈን ፕሮግራም ኮምፓይለሩ ራሱ መርምሮ በብዙ ፕሮሰሰሮች ላይ እንዲያከፋፍለው ማድረግ ነበር። በዚያው ዘመን በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ዴቪድ ኩክ፣ በራይስ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ኬን ኬኔዲ ተመሳሳይ ጥያቄ ይዘው ይሠሩ ነበር።

የጥያቄው እምብርት ጥገኝነት ነው። ሁለት ሉፖችን ያነጻጽሩ። የመጀመሪያው የሁለት አሬዮችን (በተርታ የተቀመጡ እሴቶችን) አባላት እየደመረ ውጤቱን በሦስተኛ አሬይ ውስጥ ያኖራል፤ አምስተኛው ድምር ከአራተኛው ምንም አይፈልግምና ሺሁን ድምር ለስምንት ኮር ቢያካፍሉት ውጤቱ አይለወጥም። ሁለተኛው ሉፕ እያንዳንዱን አባል የሚያሰላው ከእርሱ በፊት ባለው አባል ላይ አንድ ነገር በመጨመር ነው፤ እዚህ አምስተኛው አራተኛውን፣ አራተኛው ሦስተኛውን መጠበቅ አለበት፤ ኮር ቢበዛም ሥራው ባለበት ቅርጽ ከወረፋ አይወጣም። ኮምፓይለሩ ሥራን ለማከፋፈል የሚችለው የፊተኛው ዓይነት ሉፕ መሆኑን ማረጋገጥ ሲችል ብቻ ነው። «ይመስላል» አይበቃውም፤ እርግጠኛ ካልሆነ ባለበት ይተወዋል።

የፒትራን ዘመን ለዚህ ምርመራ መሣሪያዎችን አፍርቷል። ከቡድኑ አባላት ሮን ሳይትሮንና ጂን ፌራንቴ ከሌሎች ሦስት ተመራማሪዎች ጋር በ1989 ያቀረቡት ጽሑፍ፣ እያንዳንዱ ተለዋዋጭ በፕሮግራሙ ጽሑፍ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ እሴት ወደሚሰጠው ቅርጽ ፕሮግራምን በብቃት የመለወጥን ዘዴ አሳየ። ኤስኤስኤ የሚባለው ይህ ቅርጽ «ይህ እሴት ከየት መጣ?» የሚለውን ጥያቄ በአንድ እርምጃ የሚመልስ በመሆኑ ዛሬ የኤልኤልቪኤም መሠረት ነው፤ ጂሲሲ የተባለው ኮምፓይለርም በ2005 በወጣው አራተኛ ትውልዱ ተቀብሎታል። ልብ ይበሉ፤ ትይዩ ስሌትን (ሥራን በብዙ ፕሮሰሰሮች ላይ በአንድ ጊዜ ማስኬድን) ያጠና በነበረ አካባቢ የጎለመሰ ሐሳብ፣ ዛሬ በአንድ ኮር ብቻ የሚሄደውን ፕሮግራም ሁሉ ያፋጥናል።

ታዲያ መሣሪያው ካለ የእርስዎ ፕሮግራም ለምን አልተከፋፈለም? ዋነኛው ምክንያት፣ ኮምፓይለሩ ያለጥገኝነት መሆኑን ማረጋገጥ የማይችልበት ኮድ እጅግ ብዙ መሆኑ ነው። በሲ ቋንቋ ሦስት ፖይንተሮችን ተቀብሎ ከላይ እንዳነሣሁት የመጀመሪያው ሉፕ የሚደምር ፈንክሽን ጻፉ እንበል። ለእርስዎ ሦስቱ አሬዮች የተለያዩ ናቸው። ለኮምፓይለሩ ግን ፖይንተር የሜሞሪ አድራሻ ነው፤ ፈንክሽኑን የሚጠራው ሰው የውጤቱን አሬይ አድራሻ አንድ ቦታ ወደ ኋላ አድርጎ እንደ ግብዓት ቢያስገባ፣ ያው የመጀመሪያው ሉፕ ሁለተኛው ሉፕ ሆኖ ቁጭ ይላል። ቋንቋው ይህን ስለማይከለክል ኮምፓይለሩ የመፍራት ግዴታ አለበት። ፎርትራን በአንጻሩ፣ ለአንድ ንዑስ ፕሮግራም የተሰጡ ግብዓቶች ከመካከላቸው አንዱ የሚለወጥ ከሆነ እንዲደራረቡ አይፈቅድም፤ ሳይንሳዊ ስሌት የሚሠሩ ሰዎች ከዚህ ቋንቋ ጋር እስከ ዛሬ ከቆዩባቸው ምክንያቶች አንዱም ይህ ነው። አለን የሲን መስፋፋት በግልጽ ሲነቅፉ የኖሩት ከዚህ የተነሣ ነው፤ ፕሮግራመሩ ዝቅ ብሎ አድራሻ እየቆጠረ እንዲጽፍ በማድረጉ የራስ ሰር ማሻሻል ምርምርን ወደ ኋላ መልሶታል ብለው ያምኑ ነበር። ሲ ለኦፕሬቲንግ ሲስተም ሥራ የሰጠውን ጥቅም ሳስብ ፍርዳቸው የከበደ ይመስለኛል፤ በአሬይ ላይ ለሚሠራ ስሌት ግን እውነት ነበራቸው።

ሁለተኛው ምክንያት የቁጥሮች ጠባይ ነው። የአንድን አሬይ የአሥርዮሽ ቁጥሮች የሚደምር ሉፕ ለስምንት ኮር ተካፍሎ በመጨረሻ ቢጠቃለል የሚጎዳው ነገር ያለ አይመስልም። ይሁንና ኮምፒውተሩ የአሥርዮሽ ቁጥርን የሚይዘው አጠጋግቶ ስለሆነ የመደመሩ ቅደም ተከተል ሲለወጥ የመጨረሻዎቹ አኃዞች ሊለወጡ ይችላሉ። በተለመደው አሠራሩ ጂሲሲ ያለ እርስዎ ፈቃድ ይህን ቅደም ተከተል አይነካም፤ ለእኔ ይህ እንደ ስንፍና ሳይሆን እንደ ታማኝነት የሚቆጠር ነው።

ሦስተኛው፣ ማከፋፈል ራሱ ዋጋ አለው። ሥራውን ለኮሮቹ ማደል፣ ሁሉም እስኪጨርሱ መጠበቅና ውጤቱን መሰብሰብ ጊዜ ይወስዳል፤ ሉፑ ትንሽ ከሆነ ተከፋፍሎ ከመሄድ ባለበት መሄዱ ይፈጥናል። ሉፑ ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ፕሮግራሙ ሲሄድ እንጂ ኮምፓይል ሲደረግ አይደለም። በዚህ ላይ በኤሲኤስ ፕሮጀክት ውስጥ የነበሩት ጂን አምዳል በ1967 ያነሡት ገደብ አለ፦ 100 ሰከንድ ከሚወስድ ፕሮግራም ውስጥ ሊከፋፈል የሚችለው 80 ሰከንዱ ብቻ ከሆነ፣ ስምንቱ ኮሮች ያንን ወደ 10 ሰከንድ ቢያወርዱትም የማይከፋፈለው 20 ሰከንድ ባለበት ይቆያል። 30 ሰከንድ ሆነ ማለት ነው፤ ስምንት ኮር የሰጠው ሦስት እጥፍ ተኩል የማይሞላ ፍጥነት ነው።

እንዲህ ሲባል ኮምፓይለርዎ ምንም አያከፋፍልም ማለት አይደለም። በእያንዳንዱ ኮር ውስጥ አንድ ትእዛዝ በአንድ ጊዜ አራት ወይም ስምንት ቁጥሮችን የሚደምርበት የቬክተር ክፍል አለ፤ የዛሬ ኮምፓይለሮች ማሻሻያው ከፍ ባለ ደረጃ ሲታዘዝ ሉፖችን ወደዚህ ክፍል ያዘዋውራሉ። ይህን የሚፈቅደው ከላይ የገለጽኩት የጥገኝነት ምርመራ ነው። ስለዚህ ማሽንዎ በትይዩ አይሠራልኝም ሲሉ፣ ምናልባት በማያዩት ደረጃ እየሠራ ሊሆን ይችላል። ሥራን በኮሮች መካከል ለማከፋፈል ግን በተግባር የተለመደው ኦፕንኤምፒን የመሰለ ዘዴ ነው፤ ከሉፑ በላይ አንድ የመመሪያ መስመር ይጽፋሉ፣ ዝርዝሩን ኮምፓይለሩ ያሟላል። የአለን ሙሉ ተስፋ ይህ አልነበረም፤ እርሳቸው የመመሪያው መስመር ራሱ ባያስፈልግ ይወዱ ነበር ብዬ አስባለሁ። በዚህ ውል የጥገኝነት አለመኖር ኃላፊነት ከኮምፓይለሩ ወደ ጸሐፊው ተሻግሯል፤ መመሪያውን በሁለተኛው ዓይነት ሉፕ ላይ ቢጽፉት ኮምፓይለሩ ቃልዎን አምኖ የተሳሳተ መልስ ያወጣል።

በተማሪዎች ዘንድ የማየውና የሚያሳስበኝ ነገር፣ ቀርፋፋ ፕሮግራም ሲገጥማቸው ወዲያው ክር (ትሬድ፣ ማለትም ከሌላው ጎን ለጎን የሚሄድ የፕሮግራም ክፍል) ለመፍጠርና ለማከፋፈል መሮጣቸው ነው። እርስዎ ከዚያ በፊት ኮምፓይለሩን ይጠይቁት። ጂሲሲም ሆነ ክላንግ የተባለው ሌላ ኮምፓይለር የትኛውን ሉፕ እንዳሻሻሉ፣ የትኛውን ለምን እንደተዉት የሚናገር ዘገባ ሲታዘዙ ያወጣሉ። «ፖይንተሮቹ ሊደራረቡ ይችላሉ» የሚል ምክንያት ካነበቡ፣ በሲ ውስጥ ረስትሪክት የሚለውን ቃል በፖይንተሮቹ መግለጫ ላይ በመጨመር እንደማይደራረቡ ቃል ሊገቡለት ይችላሉ፤ ቃል የሚገቡት ግን በእውነት ካልተደራረቡ ብቻ ይሁን።

አለን በ1989 የአይቢኤም ፌሎው የሚባለውን የኩባንያውን ከፍተኛ የቴክኒክ ማዕረግ ያገኙ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። የ2006 የቱሪንግ ሽልማት የተሰጣቸው ለማሻሻያ ኮምፓይለሮች ንድፈ ሐሳብና ተግባር እንዲሁም ለራስ ሰር ትይዩ አሠራር መሠረት በመጣላቸው ነው፤ ሽልማቱ በ1966 ከተጀመረ 40 ዓመት ሆኖት ነበር፤ ከእርሳቸው በፊት አንዲት ሴት እንኳ አላገኘችውም። በ2020 በ88ኛ የልደት ቀናቸው ዐረፉ።

የእርሳቸውን ሥራ ከውስጥ ለማወቅ ከፈለጉ፣ ከራስዎ ፕሮግራሞች ሁለት ሉፖች ያሉበትን አንድ ፈንክሽን ይምረጡ። በወረቀት ላይ ብሎኮቹን ይለዩ፣ ቀስቶቹን ይሳሉ፣ የትኛው የትኛውን እንደሚገዛ ይጻፉ፣ ከዚያም ለእያንዳንዱ ተለዋዋጭ እሴቱ ከየት እንደተነሣ ይከታተሉ። ሲጨርሱ የኮምፓይለሩን ዘገባ አውጥተው ከወረቀትዎ ጋር ያስተያዩ፤ ከተለያያችሁበት ቦታ ጀምሮ ቀጣዩን ጥያቄ ይላኩልን።